ሽፋኑ ላይ ያለው ስም

በየሴሚስተሩ መጨረሻ ጠረጴዛዬ ላይ የሚከመረውን የፕሮጀክት ሪፖርት ማንበብ የምጀምረው ከሽፋኑ ነው። የትምህርት ክፍሉ ስም፣ የኮርሱ ቁጥር፣ ርዕሱ፣ ከዚያ በታች አምስት ስም ከነአይዲ ቁጥሩ በፊደል ተራ ተደርድሮ። ማን ምን እንደሠራ ሽፋኑ አይናገርም። እኔ ለዓመታት በቀይ እስክሪብቶ ከ30 24 ብዬ ስጽፍ ግን ያ ቁጥር ለአምስቱም እኩል ይደርስ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ላፕቶፕ ላይ አጎንብሶ ላደረውም፣ ሪፖርቱን ሊያስረክቡ ሲመጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ላየውም።

ሲቪል ምሕንድስና ሳስተምር 19 ዓመት ሆኖኛል። ከባድ ስሌት ማስረዳት ለምጄዋለሁ፤ ይህን ቁጥር መጻፍ ግን እስከ ዛሬ አልለመድኩትም። ብዙ ባልደረቦቼ የምዘና ስልት ጉዳይ ነው ይሉኛል። ለእኔ የፍርድ ጉዳይ ነው። አምስት ሰው አብሮ ለሠራው ሥራ፣ ለእያንዳንዱ የሚገባው ምንድን ነው? ያልሠራውን ከሠራው እኩል ማድረግ ምሕረት ነው ወይስ ሐሰት?

ከራሴ ልጀምር። ተማሪ ሳለሁ የሰርቬይንግ የመስክ ሥራ የምንሠራው አምስት አምስት እየሆንን ነበር። አንዱ የከፍታ መለኪያ መሣሪያውን፣ ሌቭሉን፣ ተክሎ ያነባል፣ አንዱ ንባቡን ይመዘግባል፣ ሁለቱ ሜትር ይስባሉ፣ እኔ ስታፍ እይዛለሁ። ስታፍ ሴንቲሜትሩ በጥቁርና በቀይ የተጻፈበት ረጅም ዘንግ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እኔ እጅ ገባ፤ ከእጄም ሳይወጣ ሴሚስተሩ አለቀ። አልሰነፍኩም። የቀትር ፀሐይ ላይ ቀጥ አድርጌ ይዤው እቆማለሁ፤ "አወዛውዘው!" ሲሉኝ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በቀስታ አወዛውዘዋለሁ። ዘንጉ ካዘነበለ ንባቡ ስለሚበልጥ፣ ሲወዛወዝ የሚታየው ትንሹ ቁጥር ነው ትክክለኛው። ይህን በክንዴ አውቀዋለሁ። በሌቭሉ መነጽር ግን አንድ ቀን እንኳ አላየሁም። ሪፖርታችን ጥሩ ነበር፤ አምስታችንም ኤ አገኘን።

ተመርቄ መጀመሪያ የተመደብኩበት ሳይት ላይ ፎርማኑ ሌቭሉን ከነሳጥኑ አምጥቶ አስቀመጠና "ኢንጂነር፣ ከፍታውን ስጠን" አለኝ። እግሮቹን ዘረጋሁ። ሦስቱን ብሎኖች እያዞርኩ የአየር አረፋውን፣ ባብሉን፣ መሃል ለማስገባት ስታገል፣ በአንድ በኩል ሳስተካክለው በሌላ በኩል ይሸሻል። የቀን ሠራተኞቹ አካፋቸውን ተደግፈው ያዩኛል። ፎርማኑ ምንም ሳይናገር መጣና እጁን እጄ ላይ አድርጎ "መጀመሪያ ሁለቱን አብረህ ወደ ውስጥ፤ ከዚያ ሦስተኛውን ለብቻው" አለኝ። ባብሉ መሃል ገባ። ያ ሰው ኮሌጅ ደጃፍ አልረገጠም።

ትራንስክሪፕቴ ላይ ያለው ኤ "ይህ ሰው ከፍታ መለካት ይችላል" ብሎ መስክሮልኝ ነበር። ምስክርነቱ ሐሰት ነበር። ከአምስታችን ያጭበረበረ አልነበረም፤ ሁላችንም ሠርተናል፤ መምህራችንም ያየውን ሪፖርት በትክክል ነው ያረመው። ሐሰቱ እንዲያ ሆኖም ተወለደ። ስለ ቡድን ሥራ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሰነፉ ተማሪ ነው። እኔ ከሰነፉ ይልቅ ስታፍ ያዡ ያሳስበኛል።

አባቴ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ገበሬ ነበር። ልጅ ሆኜ በአረም ወቅት ወንፈል ሲገባ አያለሁ። በወንፈል ቀን ይቆጠራል። አንተ የእኔን ጤፍ አንድ ቀን ካረምክ እኔም የአንተን አንድ ቀን አርማለሁ፤ ያልመጣ ሰው ዕዳው ይታወቃል፤ ማንም በዚህ አይቀየምም። ደቦ ሌላ ነው። ባለ ማሳው ጠላ አስጠምቆ፣ እንጀራ አስጋግሮ ይጠራል፤ የመጣ ሁሉ ይሠራል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። ማን ስንት ነዶ አጨደ ብሎ የሚቆጥር የለም፤ ቢኖር ነውር ነው። አባቶቻችን ሁለቱን ለይተው ሁለት ስም ሰጥተዋቸዋል። አንዱ የልክ ነው፣ ሌላው የልግስና። እኛ መምህራን "አምስት አምስት ሆናችሁ ሥሩ" ስንል የትኛውን እንዳዘዝን አንናገርም። ተማሪው ደቦ ነው ብሎ ይገባበታል፤ ውጤት ሲለጠፍ ወንፈል ይጠይቃል።

የማሳውና የክፍሉ ልዩነትም እዚህ ላይ አያበቃም። ወደ አባቴ ማሳ የሚመጣው ሰው ከመምጣቱ በፊት ማረም ያውቃል። ጤፉ መታረሙ ነው የተፈለገው። የእኔ ተማሪዎች የሚነድፉትን ድልድይ ግን ማንም አይሠራውም፤ ወረቀቱ ሁለት ዓመት መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጦ ይጣላል። የሚታረመው ማሳ ተማሪው ራሱ ነው። ስለዚህ "ሥራው ተሠርቷል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ብቻ አያዋጣም።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ያለውን የወይን አትክልት ባለቤት ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከማለዳ ጀምሮ ሲደክም የዋለውም፣ ቀኑ ሊመሽ አንድ ሰዓት ሲቀረው የገባውም እኩል አንድ ዲናር ተከፈላቸው፤ ማለዳ የገቡት ሲያጉረመርሙ ባለቤቱ በገዛ ገንዘቡ የወደደውን ማድረግ መብቱ እንደሆነ ነገራቸው። በማስተማር የመጀመሪያ ዓመታቴ ይህን ምሳሌ መሸሸጊያዬ አድርጌው ነበር። ለአምስቱም 24 ስሰጥ ለጋስ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ግን ጥያቄ መጣብኝ። ዲናሩ የባለቤቱ ነበር። ማርኩ የማን ነው?

የእኔ አይደለም። ማርክ ከኪሴ አውጥቼ የምሰጠው ነገር ሳይሆን ለማላውቀው ሰው የምጽፈው የምስክርነት ቃል ነው። ያ ሰው ነገ ተማሪዬን የሚቀጥር ድርጅት ነው፤ ከዚያ በላይ ግን ተማሪዬ በፈረመበት ድልድይ ላይ ልጇን አዝላ የምታልፍ እናት ናት። እሷ ትራንስክሪፕት አታይም። ሳታውቀኝ በእኔ ቃል ተማምና ትራመዳለች። በሷ ኪሳራ ለጋስ ልሆን አልችልም። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 በፍርድ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ለባለጠጋ ብቻ ሳይሆን ለድሃም እንዳያደላ ያዛል። ወጣት ሳለሁ ይህ ትእዛዝ ጭካኔ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ የፈራጅ ርኅራኄ የሚከፈለው ከፈራጁ ኪስ ሳይሆን እዚያ ከሌለ ሦስተኛ ሰው ላይ ተወስዶ ነው።

የስም ነገር በእኛ ሙያ ቀልድ አይደለም። በፈረንጆች ሐምሌ 1981 አሜሪካ፣ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ በሃያት ሪጀንሲ ሆቴል አዳራሽ የተንጠለጠሉ ሁለት መተላለፊያዎች ወድቀው 114 ሰው ሞተ። መጀመሪያ በተነደፈው መሠረት የላይኛውም የታችኛውም መተላለፊያ ከጣሪያ በወረዱ አንድ ወጥ ብረቶች ላይ ይንጠለጠሉ ነበር። ለሥራ እንዲመች ተብሎ ብረቱ ለሁለት ተቆረጠና የታችኛው ከላይኛው ላይ እንዲንጠለጠል ተደረገ። ለውጡ ወረቀት ላይ ትንሽ ነው፤ የላይኛው መተላለፊያ መያዣ ግን የሚሸከመው ጭነት በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆነ። ያን ለውጥ እንደገና ያሰላው አልነበረም። ስዕሉ ላይ ግን ማኅተም ነበር። ማኅተሙ የእሱ የሆነው መሐንዲስ ፈቃዱን ተነጠቀ፤ ከሥሩ ፕሮጀክቱን የመራው መሐንዲስም እንዲሁ። ይህን ታሪክ በየዓመቱ ለአራተኛ ዓመት ተማሪዎቼ የምነግራቸው ስለ ብረት አይደለም። ባላየው ነገር ላይ ስሙ ስላለ ሰው ነው።

እንግዲህ "ቡድን ይቅር፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይሥራ" የሚል ይኖራል። ይህም አያስኬድም። ለብቻው ድልድይ የሠራ ሰው የለም። በሙያችን ያሉ አገር አቀፍና ዓለም አቀፍ መመዘኛዎች ተመራቂው በቡድን መሥራት እንዲችል የሚጠይቁት ያለ ምክንያት አይደለም። ችግሩ መሰብሰቡ ራሱ ሰውን ማቅለሉ ነው። ማክስ ሪንግልማን የተባለ ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ በፈረንጆች 1913 ባሳተመው ጥናቱ፣ ስምንት ሰዎች አንድ ገመድ አብረው ሲስቡ እያንዳንዱ ለብቻው ከሚስበው ግማሽ ያህሉን ብቻ እንደሚስብ አሳየ። ምክንያቱ በከፊል በአንድ ጊዜ አለመሳባቸው ነው። በፈረንጆች 1974 ግን አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች የሰዎችን ዓይን ሸፍነው፣ ከኋላቸው ሌሎች እየሳቡ እንደሆነ አሳምነው ለብቻቸው ሲያስስቧቸው፣ ያኔም ጉልበታቸውን ቀነሱ። ከኋላቸው ማንም አልነበረም። እኛም ግቢ ውስጥ ተማሪዎችን በአንድ ጎበዝ ተማሪ ዙሪያ የሚያቧድነው የአንድ ለአምስት አደረጃጀት በነበረበት ዘመን ይህንኑ በዓይናችን አይተናል፤ እኔ ባየኋቸው ክፍሎች ገመዱን የሚስበው ሰቃዩ ነበር፣ ሌሎቹ ይይዙታል።

መድኃኒት ይሆናል ብዬ ለዓመታት የሞከርኩት እርስ በርስ መመዘንን ነው። ሪቻርድ ፌልደር የተባሉ አሜሪካዊ የኬሚካል ምሕንድስና መምህርና ባልደረቦቻቸው በፈረንጆች 2000 ስለ አሠራሩ ጽፈዋል። አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ አባል ራሱንም ጨምሮ ሁሉንም በምስጢር ይመዝናል፤ የአንድ ሰው አማካይ ለቡድኑ አማካይ ይካፈልና የቡድኑ ማርክ በዚያ ይባዛል። የቡድኑ ማርክ 24፣ የቡድኑ አማካይ 4፣ የአንዱ አማካይ 3.5 ቢሆን፣ ያ ሰው 21 ያገኛል። ሒሳቡ ያምራል። እኛ ዘንድ ግን ይሉኝታ አለ። ከአንድ ዶርም፣ ከአንድ ሰፈር፣ ከአንድ ማዕድ የመጡ ልጆች ወረቀቱን ተቀብለው ሁሉም ለሁሉም 5 ሰጥተው ይመልሱልኛል። "ለምን?" ስላቸው "ጓደኛን ማሳጣት ይሆናል ሰር" ይላሉ። አልፈርድባቸውም። ጓደኛህ ላይ መስክር የሚል ቅጽ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ማየት የሚገባኝን ሳላይ በእነሱ ዓይን ልዳኝ ፈልጌ ነበር።

ቅጹ የማያሳየው የባሰ ነገር እንዳለ ያወቅኩት ግን ከአንድ የእግረኛ ድልድይ ነው።

አራት ወንዶችና አንዲት ሴት ነበሩ። ወንዶቹ እርስ በርሳቸው 5፣ ለእሷ 2 ሰጥተዋል። ሁሉም ምክንያቱን በአንድ ቃል ጽፈዋል፦ ታይፕ ብቻ ነው ያደረገችው። ያን ዓመት ቡድኑን አንድ ላይ ከመጠየቅ ይልቅ አንድ በአንድ ቢሮዬ ማስገባት ጀምሬ ነበር። የቡድኑ መሪ ገባ። የድልድዩን ወለል ስዕል ዘርግቼ "ዋናው ብረት ለምን ከታች ሆነ?" አልኩት። "ሶፍትዌሩ ነው ያወጣው ሰር" አለኝ። "ይህ ወለል በአንድ ጫፍ ብቻ ተይዞ እንደ በረንዳ ቢወጣስ ብረቱ የት ይሄዳል?" ዝም አለ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ከዚያ ብዙ አልራቁም።

እሷ ስትገባ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ያንኑ ጠየቅኳት። "ወደ ላይ ይወጣል ሰር፤ የሚለጠጠው የላይኛው ፊት ነዋ።" ቀጥዬ ሌላ ልጠይቅ ስል ሪፖርቱን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ገጽ 17ን ገለጠች። የጭነት ሰንጠረዥ ነው። ጣቷን የወለሉ የራሱ ክብደት የተጻፈበት ላይ አሳረፈች። 3.75 ኪሎ ኒውተን በካሬ ሜትር ይላል። "ይህ ትክክል አይደለም" አለች። የአርማታ ክብደት በሜትር ኩብ 25 ኪሎ ኒውተን ነው። ወለሉ መጀመሪያ 15 ሴንቲሜትር ነበር፤ ያኔ 3.75 ልክ ነው። ኋላ ወለሉ ይረግባል ተብሎ ውፍረቱ ወደ 20 ከፍ ሲል ክብደቱ 5 መሆን ነበረበት። ስዕሉን ቀይረዋል፣ ሰንጠረዡን ረስተዋል። ከወለሉ ክብደት ሩቡ ከስሌቱ ውጭ ቀርቷል። ሪፖርቱን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ እኔም አላየሁትም።

"እንዴት አገኘሽው?"

"ታይፕ ሳደርግ።"

"ለምን አልነገርሻቸውም?"

"ነግሬያቸው ነበር። አንቺ ታይፑን ጨርሺ አሉኝ።"

ስታፍ ይዤ የቆምኩበት ሜዳ ታወሰኝ። ከወይኑ አትክልት ምሳሌም እስከዚያ ቀን አልፌው የሄድኩት ነገር ነው የመጣብኝ። ባለቤቱ ሊመሽ ሲል አደባባይ ላይ ያገኛቸውን ሰዎች ሥራ ፈታችሁ ለምን ቆማችሁ ብሎ ሲጠይቃቸው፣ የቀጠራቸው ሰው እንደሌለ ነው የመለሱት። ሰነፎች አልነበሩም። እኔ ለዓመታት ስለ ክፍያው እኩልነት ስጨነቅ፣ ይህን መልስ አልሰማሁትም። ቡድን ውስጥ ሥራ ያልሠራ ተማሪ ሁሉ ሥራ የሸሸ አይደለም። ሥራ የተነፈገም አለ። ብዙ ጊዜ የምትነፈገው ሴት ልጅ ናት፤ ሌላ ጊዜ ከሩቅ ክልል የመጣ፣ አማርኛው የሚሰናከል ልጅ ነው። ቅጹ ላይ ግን የሸሸውም የተነፈገውም እኩል 2 ናቸው።

ማርኩን ለሪፖርትና ለቃል ጥያቄ እኩል ከፍዬ፣ ለዚያ ቡድን ሪፖርት ከ15 8 ሰጠሁ። እሷም 8 አገኘች፤ ስሟ ሽፋኑ ላይ ነበርና፣ ስህተቱን አውቃ ፈርማለች። በቃል ጥያቄው 14 ሰጠኋት፤ መሪው 5 አገኘ። ያ 8 ለእሷ ተገቢ ነበር ወይ? ፍርዱን እስከ ዛሬ አልሻርኩትም፤ ግን ከፊሉ ጥፋት የእኔ እንደነበር አምናለሁ፤ አልስማማም የምትልበት ቦታ አላዘጋጀሁላትም። ከዚያ ወዲህ ከሽፋኑ ቀጥሎ አንድ ገጽ አለ። እያንዳንዱ በገዛ እጁ ጽሑፍ የሠራውን፣ የሌላውን ሥራ የፈተሸውንና ያልተስማማበትን ይጽፋል። ድርሻ በየሁለት ሳምንቱ ይዞራል፤ ታይፕም በተራ ነው። ጭነት ያሰላው ሰው ስሌቱን ለሌላ አባል ይሰጣል፤ የተቀበለው ሳያረጋግጥ አይፈርምም።

ሐዋርያው ጳውሎስ በገላትያ መልእክቱ ምዕራፍ 6 ምእመናን አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም ያዛል፤ ሦስት ቁጥር ወረድ ብሎ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን ሸክም እንደሚሸከም ይናገራል። ነፍስ የሌላዋን ሸክም እንደማትሸከም ቁርኣንም ደጋግሞ ያስተምራል፤ ይህን ያሳየኝ ሃይድሮሊክስ የሚያስተምር ሙስሊም ባልደረባዬ ነው። ሁለቱ የጳውሎስ ቃሎች እንዴት አብረው እንደሚቆሙ የገባኝ መጽሐፍ ሳነብ አይደለም። አንድ ዓመት አራት ተማሪዎች ቢሮዬ መጥተው "እናቱ አርፋ አገሩ ሄዷል፤ የሱን ድርሻ እኛ ሠርተናል፣ ስሙ ይግባልን ሰር" አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ይህ ደቦ ነበር፣ የሚያምር ደቦ። ስሙ ሪፖርቱ ላይ እንዲገባ ፈቀድኩ፤ የቃል ፈተናውን ማርክ ግን ባዶ ተውኩትና ኢንኮምፕሊት ጻፍኩለት። በክረምቱ፣ ግቢው ጭር ባለበት፣ ለስድስት ቀናት ከሰዓት በኋላ እየተገናኘን ስሌቱን ከመጀመሪያው አብረን ሄድንበት። ጓደኞቹ ሸክሙን ተሸክመውለታል፤ የራሱን ግን እሱ አነሳ። ከ15 11 አገኘ። ምሕረቴን ከማርኩ ላይ አልቆረስኩም፤ ከክረምቴ ነው የሰጠሁት። የእኔ የሆነው እሱ ብቻ ነበር።

ባልደረቦቼ ሆይ፣ ክፍላችን ሞልቷል፣ ጊዜ የለንም እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም እል ነበር። ክፍሌ ውስጥ 60 ተማሪ አለ። ለአንዱ 10 ደቂቃ፣ ለሁሉም 10 ሰዓት ነው። ሁለት ቀን። በዚህ ሴሚስተር ሽፋኑ ላይ ቁጥር ከመጻፋችሁ በፊት እነዚህን ሁለት ቀናት ስጧቸው፤ አንድ በአንድ አስገቧቸው፣ መጀመሪያም ታይፕ ያደረገውን ጠይቁ።